«ኢማንህ ደክሞ ነው» ያልኩት ልጅ




ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዒሻ በኋላ ጀማዓው ተበትኖ፣ እኔ ልጆች ምንጣፍ ላይ ረስተው የሄዱትን ቃዒዳ እየሰበሰብኩ ሳለ አንድ ወጣት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ፣ ጀማዓ የማያመልጠው ልጅ ነበር። «ኡስታዝ፣ ልቤ ዝም ብሎ ይመታል። ሌሊት አልተኛም። የሆነ መጥፎ ነገር ሊመጣ ነው እያልኩ እጠብቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም» አለኝ።

የመለስኩለትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ይሄ ኢማንህ ደክሞ ነው። ቁርኣን ቀንሰህ ይሆናል። ወንጀል ካለ ተውበት አድርግ፣ ዚክር አብዛ፣ ይለቅሃል።» ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሩን ልዘጋ ቸኩዬ ነበር። «ጀዛከላሁ ኸይር ኡስታዝ» ብሎኝ ተነሳ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ሰፍ ላይ አላየሁትም። የት ገባ ብዬም አልጠየቅኩም።

በዓመቱ ረመዷን ላይ የእኔ ተራ ደረሰ።

ሸይኻችን አሟቸው ተራዊሕ የማሰግደው እኔ ነበርኩ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ሌሊት ይመስለኛል፣ ሁለተኛው ረከዓ ላይ በዐሥር ዓመቴ የሐፈዝኩት ሱራ መሐል ልቤ በድንገት መደለቅ ጀመረ። እጄ ደነዘዘ፣ ከንፈሬ ተቆነጠጠ፣ አየር አጠረኝ። «ልሞት ነው፤ ሚሕራብ ላይ ልወድቅ ነው» የሚል ሐሳብ ብቻ ቀረኝ። ከኋላዬ የነበረውን ወንድም ጎትቼ በቦታዬ አቁሜ ወጣሁ። ሌሊቱን ክሊኒክ አደርን። ልቤን መረመሩ፣ ደም ወሰዱ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ልብህ ጤነኛ ነው። ይሄ ጭንቀት ነው» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ተቀየምኩ። «እኔ? ቁርኣን በቃሉ የያዘ ሰው? ጭንቀት?» አልኩ በልቤ። ያ ልጅ ግን በዚያች ቅጽበት ትዝ አላለኝም። ሰው ለራሱ ሲሆን ምን ያህል ሰበብ እንደሚያገኝ ሱብሓነላህ!

ከዚያ በኋላ ሁላችሁም የምታውቁት ሆነ። አንዱ «ዐይን ነው፣ ድምፅህ ያምር ነበርና» አለ። ሌላው «ሲሕር ነው፣ የሚሕራቡን ቦታ የሚፈልግ ሰው አለ» አለ። ሩቅያ ተቀራልኝ። አልሐምዱሊላህ፣ በሚቀራልኝ ሰዓት ልቤ ይረጋ ነበር። ግን የመግሪብ ኢቃማ ሲቃረብ እጄ እንደገና ይደነዝዛል። ሁለት ወር ሙሉ «ጉሮሮዬን አሞኛል» እያልኩ ከሚሕራብ ሸሸሁ። መስጊድ ውስጥ ቆሜ ዋሸሁ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ በትንሹም በትልቁም እጮኽ ነበር። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች።

በመጨረሻ ጠርተው ያናገሩኝ ራሳቸው ሸይኻችን ናቸው። «ልጄ፣ ጉሮሮህን ስንት ወር ያምሃል?» አሉኝ። አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጣ ስጠብቅ «እኔ ስኳሬን ይዤ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ተወኩሌ ጎደለ ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አይ አልኩ። «እንግዲያስ ሂድ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። እኛ መስጊድ አካባቢ ያለን ሰዎች፣ በተለይ እንደኔ ትንሽ ኪታብ ቀርተን ማይክ የያዝን፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ወጣቶችን በድለናል። ልቡ ለታመመ ሁሉ አንድ መድኃኒት አዘናል፦ «ኢማንህ ደክሟል።» ለአጥንት ስብራት ወጌሻ፣ ለወባ ክኒን እንልካለን። ለጭንቀት ሲሆን ግን ታማሚውን ወንጀለኛ አድርገን እንመልሰዋለን። ሰውዬው በሽታውን ተሸክሞ መጥቶ፣ በሽታውንና ሐፍረቱን ደርቦ ይሄዳል።

ዲናችን እንዲህ አላስተማረንም። የመጀመሪያው ወሕይ ሲወርድ የሆነውን ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተነዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሒራ ዋሻ እየተንቀጠቀጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። «ምንም አልሆንኩም» አላሉም። እንዲሸፍኗቸው ጠየቁ። ስለ ነፍሳቸው እንደሰጉ ለኸዲጃ (ረ.ዐ) በግልጽ ነገሯት። ወሕይ በሽታ ነው እያልኩ አይደለም፣ አዑዙቢላህ! የማሳያችሁ ኸዲጃ ያደረገችውን ነው። መጀመሪያ ሸፈነቻቸው፣ እስኪረጋጉ ጠበቀች። ቀጥላ ፍርሃታቸውን በማስረጃ መለሰች፦ አንተ ዝምድና የምትቀጥል፣ የደካማን ሸክም የምትሸከም፣ እንግዳ የምታስተናግድ ሰው ነህና አላህ አያዋርድህም የሚል መልእክት ያለው ንግግር ነው። በዚህም አላበቃችም። ስለ ነገሩ ከእሷ የበለጠ ዕውቀት ወዳለው ሰው፣ ወደ ወረቃ ኢብን ነውፈል ይዛቸው ሄደች። እኔ ለዚያ ልጅ ከሦስቱ አንዱን እንኳ አላደረግኩም።

ደግሞ አነስ (ረ.ዐ) ረሱልን ሲያገለግሉ ደጋግመው ሲሉት እንደሰሙ የነገሩንን ዱዓ አስቡት። ጧትና ማታ የምንለው ነው። ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቃሉ፤ እዚያው ዱዓ ውስጥ ከዕዳ ክብደትና ከሰዎች የበላይነትም ይጠበቃሉ። ይህን ዱዓ ለዓመታት ሳስተምር አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩበትም። የልብ ጭንቀትና የኪስ ዕዳ በአንድ ትንፋሽ ነው የተጠሩት። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው፣ አለቃው የሚረግጠው፣ ሥራ ያጣ ወጣት ልቡ ቢንቀጠቀጥ ምኑ ነው የኢማን ድክመት? የዕቁብ ክፍያ ሲደርስ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ስንት አለ!

«ለአላህ እንጂ ለፍጡር አቤት አይባልም፤ ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) ሐዘናቸውን ለአላህ ብቻ ነው ያቀረቡት» የሚለኝ ወንድም አለ። ልክ ነው፣ ለአላህ ነው ያቀረቡት። ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ዓይናቸው ከሐዘን ብዛት ነጭ እስኪሆን ድረስ እንደታመሙም ተነግሮናል። ነቢይ ናቸው፤ ሰብራቸው ሰብሩን ጀሚል ነው፤ ሐዘኑ ግን አካላቸውን ነካው። ሐዘን አካልን የሚጎዳ ነገር መሆኑን ቁርኣን እየነገረን እኛ «ምንም የለብህም» እንላለን። በዚያ ላይ ገጠሬዎቹ ዐረቦች መጥተው «እንታከም ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዎ እንዳሉ፣ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያልተደረገለት በሽታ እንደሌለ እንደነገሯቸው የታወቀ ነው። ከዚህ ውስጥ የልብን ጭንቀት ለይቶ ያወጣው ማነው?

«ሰለፎች ሳይኮሎጂስት ነበራቸው እንዴ?» የሚል ፌዝም እሰማለሁ። አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባል ዓሊም ነበር፤ የሞተው በሒጅራ 322 (በአውሮፓ አቆጣጠር 934) ነው። ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት ኪታብ ጽፏል። ከፊሉ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘንና ስለ ወስዋስ ነው። ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘንና ምክንያቱ የማይታወቅን ሐዘን ለያይቶ ያያቸዋል። ሰው ጤነኛ ሳለ መልካም ሐሳቦችን እንደ ስንቅ አዘጋጅቶ ለጭንቀቱ ቀን እንዲያስቀምጥም ይመክራል። ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪ የዚህን ኪታብ የነፍስ ክፍል ተርጉመው ለዘመናችን አንባቢ አቅርበውታል። በ1284 ካይሮ ላይ የተሠራው የሱልጣን ቀላዉን ሆስፒታል ደግሞ ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው፤ ወጪው የሚሸፈነውም ከወቅፍ ነበር። ወቅፍ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አማካሪው ዘንድ ስለሆነው ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት እሱን ነውና። ክፍሉ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነው። ሰውዬው ሙስሊም አይደለም። ይሄም ቆጥቁጦኝ ነበር፤ «ሶላቱን ቀንስ ይለኛል» ብዬ ነው የሄድኩት። ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሒጅራ መንገድ ላይ ነፍሳቸውን አደራ የሰጡት መንገድ ለሚያውቅ ሙስሊም ላልሆነ ሰው፣ ለዐብደላህ ኢብን ኡረይቂጥ መሆኑን አስታወስኩ። ዑለማዎች ሐኪም ላይም ይህን መረጃ ይጠቅሱታል። የሚፈለገው ችሎታና ታማኝነት ነው። ዲንህን የሚንቅ ካጋጠመህ ደግሞ ተነስተህ ሌላ ፈልግ፤ ማንም አላሰረህም።

የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ብቻ ነበር። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ለሱብሒ ተነስቼ፣ ጧት ልጆች አቅርቼ፣ ከዐስር በኋላ በየቤቱ እየዞርኩ አስተምሬ፣ ከዒሻ በኋላ ደርስ ሰጥቼ፣ መሐል ላይ ጀናዛና ሽምግልና ካለ እሱንም ሠርቼ፣ ስቆጥረው አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ዕረፍት ቀንህ መቼ ነው? የለኝም። አባትህ መቼ ሞቱ? ሰባት ወር ሆናቸው። ለቅሶ ስንት ቀን ተቀመጥክ? ሦስት ቀን ተቀምጬ በአራተኛው ማቅራት ጀመርኩ። ወረቀቱ ላይ እየጻፈ ቀና አለና «ታዲያ ይሄ ሁሉ የት ይሄዳል ብለህ ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ቀጥሎ ቡና ስንት ሲኒ እንደምጠጣ ጠየቀኝ፣ ከዚያም ጫት። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ደረሳ ሳለን ለሙጣለዓ፣ ለዱዓ እያልን የጀመርናት ጫት በየከተማው ስንት ወጣት እንደያዘች እናውቃለን። ሑክሙ ላይ የሚከራከር ይከራከር፤ እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ልብ ምት ነው። ጫት አነቃቂ ነው፤ ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነጥቃል፣ ምርቃናው ሲያልፍ ደግሞ ድብርቱና ዱካኩ ይመጣል። ጭንቀት ያለበት ሰው ጭንቀቱን ሊረሳ ይቅማል፣ የቃመው መልሶ ያስጨንቀዋል። እኔም ለሌሊት ንባብ እያልኩ ከዚያው ነበርኩ። ማቆሙ ከሁሉ የከበደኝ ክፍል ነው።

ድንጋጤው ምን እንደሆነም አስረዳኝ። አላህ ሰውነታችን ውስጥ የፈጠረው ማስጠንቀቂያ አለ፤ ጅብ ቢመጣብህ እንድትሮጥ ልብህን ያፈጥናል፣ ትንፋሽህን ያበዛል። አንዳንዴ ጅብ በሌለበት ይጮኻል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ እጅና ከንፈር የሚደነዝዘው ከዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጫፍ ይደርስና ይወርዳል። አይገድልም። የሚያሳድገው ሽሽት ነው። ከሚሕራብ በሸሸሁ ቁጥር ልቤ «እውነትም አደጋ አለ» ብሎ ይመዘግባል።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠኝ። «ሚሕራብ ላይ ወድቄ እሞታለሁ» የሚለውን ሐሳብ ጻፍ። ስንት ጊዜ መጣብህ? ሰባት። ስንት ጊዜ ወደቅክ? ዜሮ። እዚህ ጋ ሳቄ መጣ። ይሄኮ እኛ ፊቅህ ላይ የተማርነው ቃዒዳ ነው፤ የቂን በጥርጣሬ አይወገድም! ውዱእ ማድረጉን ያረጋገጠ ሰው «ፈታሁ ይሆን» ብሎ ቢጠራጠር ውዱኡ አለ። ይህን ለልጆች ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ውዱእ ላይ ወስዋስ ለያዘው ሁሉ ነግሬያለሁ። ለራሴ ፍርሃት ግን አንድ ቀን አልተጠቀምኩበትም። ሰውዬው ቃዒዳውን በስሙ አያውቀውም፤ አሠራሩን ግን ያውቀዋል።

ቀጥሎ ደረጃ በደረጃ ነው የተመለስኩት። መጀመሪያ ረፋድ ላይ ማንም በሌለበት ሚሕራቡ ውስጥ ቆሜ ልቤ እስኪረጋ መጠበቅ። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ባለቤቴንና ልጆቼን ማሰገድ። ቀጥሎ ዙህር፣ ድምፅ ስለማይወጣበት። ከዚያ መግሪብ። ከዒሻ በፊት አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሼ ነበር። ሁለት ቀጠሮም በገንዘብ እጦት አልሄድኩም። ዛሬም አንዳንድ ሌሊት ይመጣብኛል። ሲመጣ አላህን እያወሳሁ፣ ትንፋሼን እያረዘምኩ ባለሁበት እቆማለሁ። ዚክሩን አልተውኩም፤ ቴራፒውም ዚክሬን አልወሰደብኝም።

የሚደጋገሙ ጥያቄዎች አሉ፤ የምችለውን ልመልስ። «የቤቴን ገመና ለባዕድ ማውራት ሐሜት አይሆንም?» ሂንድ ቢንት ዑትባ ባሏ አቡ ሱፍያን ለቤቱ ቆጣቢ መሆኑን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስትናገር አልከለከሏትም፤ መፍትሔ ነው የነገሯት። ኢማም ነወዊ ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ ይህን ሐዲስ አስገብተውታል። መፍትሔ ፈልጎ፣ በልኩ ማውራት ሌላ ነው፣ ቡና ላይ ማውራት ሌላ ነው። አንቺም እህቴ፣ ሴት አማካሪ ፈልጊ፤ ከጠፋች በሩ ገርበብ ይበል፣ ወይ እናትሽ ወይ እህትሽ ደጅ ትጠብቅሽ። ከዐረብ አገር ተመልሰው ሌሊት የሚጮኹ፣ ሰው የሚሸሹ እህቶቻችንን «ጂን ለክፏት ነው የመጣችው» ብለን ከመዝጋታችን በፊት እዚያ ምን እንዳዩ የሚሰማ ባለሙያ ይፈለግላቸው። ሩቅያውን ማን ከለከለ? በቁርኣን የሚቀራ ይቅራ። የእናትሽን ስም የሚጠይቅሽ፣ የሚገርፍ፣ የሐኪም መድኃኒትሽን ጣይ የሚል ሰው ካየሽ ግን ውጪ።

መድኃኒት የታዘዘለት ወንድም ረመዷን ሲመጣ በራሱ እንዳያቋርጥ። ብዙዎቹ ክኒኖች ከኢፍጧርና ከሱሑር ጋር ሊስማሙ ይችላሉ፤ ሐኪምህን ቀድመህ ጠይቅ። ሥራቸውን ለመጀመር ሳምንታት ይፈጃሉ፤ በድንገት ሲቆሙ ደግሞ ይጎዳሉ። ክኒን የሚያዝዘው የአእምሮ ሐኪሙ ነው፤ አማካሪው በንግግር ነው የሚሠራው። የግል አማካሪ ውድ ነው፣ አልዋሽም። የመንግሥት ሆስፒታሎች ዘንድ ግን በርካሽ የሚታይበት ክፍል አለ፤ ከጤና ጣቢያህ ሪፈር ጠይቅ። «አማኑኤል» የሚለውን ስም መሳደቢያ ያደረግነው እኛ ነን፤ ከመርካቶ ብዙ የማይርቅ የሕክምና ቦታ ነው። ነፍሱን ማጥፋት ያሰበ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ሐራምነቱን ለመተንተን አትሩጡ። እሱም ያውቀዋል። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ወቅፍ ብዬ ነበር። ለጀናዛ መኪና እናዋጣለን፣ ለምንጣፍ እናዋጣለን፣ ለማይክማ በየዓመቱ። የመስጊድ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ከሰደቃው ጥቂት ለይታችሁ አቅም ለሌለው ወጣት የአራት ቀጠሮ ክፍያ መሸፈን አትችሉም? ሙስሊም የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን ከጁምዓ በኋላ አንድ ቀን ጋብዞ ማስተዋወቅስ? እኛ ዳዒዎች ደግሞ «ይሄን እኔ አላውቀውም፤ ወደሚያውቀው ልውሰድህ» ማለትን እንልመድ። ሸሪዓ ላይ የማያውቁትን አላውቅም ማለት የዕውቀት ግማሽ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ነፍስ ላይ ሲሆን ለምን ሁሉን አዋቂ እንሆናለን?

ልጁን ፈለግኩት። ሦስት ሰው አገናኝቶኝ ስልኩን አገኘሁ፤ ክፍለ ሀገር ሄዶ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ደውዬ የሆንኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ ዐፍው ጠየቅኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ዐፍው ብያለሁ፣ ወላሂ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ መስጊድ በር ላይ ስደርስ ወንጀለኛ ነኝ የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ይመጣል። እስካሁን ቤቴ ነው የምሰግደው።»

የሐኪም ስም ላክሁለት። ከሚሠራበት ከተማ እስከዚያ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ አብሬው ልሄድ ማክሰኞ ተቀጣጥረናል።